መንገደኛው የት ይደር?

(በዩኒየናችን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)





ስለ ማዳበሪያ አቅርቦት፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ እህል ግዥና ስለ ትርፍ ክፍፍል በሪፖርቱ በስፋት ሰምታችኋል። እኔ የማቀርበው ርእስ ከእነዚህ ለየት ያለ ነው። ገጠራችንን አቋርጦ የሚያልፍ መንገደኛ ሲመሽበት የት ይደር? የሚል ነው። ርእሱ ከኅብረት ሥራ ጋር የሚገናኝ ላይመስል ይችላል። ሆኖም መንገዱ በእኛ ማሳ መካከል ያልፋል፤ መንገደኛው የሚጠጣው ውሃ የእኛ ነው፤ ሊገዛው የሚችለው ማርም የእኛ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የእኛ ነው።

መንገደኛ ስል ሦስት ዓይነት ሰዎችን ማለቴ ነው። የመጀመሪያው የራሳችን ወገን ነው። ገበያ ውሎ የመሸበት፣ ለገና ላሊበላን ሊሳለም በእግሩ የሚሄድ፣ ለሻደይ በዓል ከአዲስ አበባም ሆነ ከውጭ አገር ወደ ቤተሰቡ የሚመጣ ሁሉ በዚህ ውስጥ ይገባል። ሁለተኛው የጭነት መኪና ሾፌርና ረዳቱ ናቸው። ሦስተኛው ቤቱን በመኪና ጭኖ የሚዞር ጎብኚ ነው። ይህ ጎብኚ የሚነዳው መኪና በውስጡ አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ማጠራቀሚያና መጸዳጃ አለው። ለንግግሬ እንዲቀለኝ "የመኪና ቤት" እለዋለሁ። የመኪና ቤት ያለው ሰው አልጋ አይከራይም። የሚፈልገው ሜዳ የሆነ መሬት፣ ፈቃድና ሰላማዊ ሌሊት ነው።

ወደ እኛ አካባቢ እንዲህ ያሉ መንገደኞች ይመጡ ነበር። ከካይሮ ተነሥተው በሱዳን አድርገው በመተማ የሚገቡት፣ ጎንደርንና ላሊበላን አይተው ወደ አክሱም ለመሻገር ሲያስቡ፣ መኪናቸው ጠንካራ ከሆነ በብልባላ፣ በሰቆጣና በአቢ አዲ የሚወስደውን መንገድ ይመርጡ ነበር። በዚህ መንገድ ቀኑ ቶሎ ይመሻል። መሬቱ ዳገትና ቁልቁለት ነው፤ መኪናው ቀስ ብሎ ይሄዳል። ሲመሽበት መንገደኛው ከመንገዱ ወጣ ብሎ ያገኘው ቦታ ላይ ይቆማል። የቆመበት ቦታ የማን እንደሆነ አያውቅም። እኛም ማን እንደሆነ አናውቅም። ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የአባቶቻችን ሥርዓት

ሰቆጣ ከጥንት ጀምሮ የመንገደኛ ከተማ ናት። ከአፋር ምድር የሚቆረጠው አሞሌ ጨው በግመል፣ በበቅሎና በአህያ ተጭኖ፣ የትግራይን ደጋ ወጥቶ ሰቆጣ ገበያ ይደርስ ነበር። ከዚህም ወደ ላስታ፣ ወደ በጌምድርና ከዚያም አልፎ ይጓዝ ነበር። አሞሌው ለወጥ ብቻ የሚውል አልነበረም፤ በገንዘብነትም ያገለግል ነበር። ስለዚህ ሲራራ ነጋዴው የተጫነ ገንዘብ ይዞ ነው የሚያድረው ማለት ነው።

ታዲያ እንዴት ያድር ነበር? ብቻውን አይጓዝም፤ በነጋድራስ እየተመራ በኅብረት ይጓዛል። የሚያድርበትንም ቦታ ሲመሽ አይፈልግም፤ አስቀድሞ ያውቀዋል። ውሃ ያለበት፣ ለከብቱ ሣር የሚገኝበት፣ ዙሪያው የሚታይ ሜዳ ነው። ሸክሙን በአንድ ላይ ከምሮ፣ እሳት አንድዶ፣ በየተራ ይጠብቃል። በአካባቢው ያለው ገበሬም የነጋዴ ሰፈር የት እንደሆነ ስለሚያውቅ እህሉንና ድርቆሹን ወደዚያ ወስዶ ይሸጣል።

ብቻውን ለሚጓዝ ሰው ደግሞ ሌላ ሥርዓት ነበረው። ከአጥር ውጭ ቆሞ "የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ አሳድሩኝ" ይላል። ባለቤቱም "ቤት የእግዚአብሔር ነው፤ ግባ" ይለዋል። እግሩን ታጥቦ፣ ከተገኘው ቀምሶ፣ መደብ ላይ ይተኛል። ከዚያ በፊት ግን ይጠየቃል። ከየት ነህ? ወዴት ነህ? የማን ልጅ ነህ? ይህ ጥያቄ የአክብሮት ወግ ብቻ አልነበረም፤ የጸጥታ ሥራም ነበር። እንግዳው ማንነቱን ሳይናገር አያድርም፤ ባለቤቱም ያሳደረውን ሰው ጎረቤቱ እንዲያውቅ ያደርጋል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ መራራ ገጽም አለ፤ አልፈን ልንሄድ አይገባም። በገዢ ትእዛዝ የሚጓዝ እንግዳ ድርጎ የማግኘት መብት ነበረው። እንጀራው፣ በጉና ማሩ ከገበሬው ጓዳ ተሰብስቦ ይቀርብለታል። ወታደርም በገበሬ ቤት ተሰሪ እየሆነ ይቀመጥ ነበር። እንግዳን በማክበር የታወቀው ገበሬ የድርጎ እንግዳ መጣ ሲባል ከብቱን ነድቶ ወደ ቆላ የሚሸሽበት ጊዜ ነበር። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው። እንግዳ በፈቃድ ሲገባ በረከት ነው፤ በትእዛዝ ሲገባ ዕዳ ነው። ዛሬ የምናወጣው ማናቸውም አሠራር አንድም አባል ሳይፈቅድ እንግዳ ተቀበል የሚባልበት መሆን የለበትም።

ማደሪያ ማጣት ምን እንደሆነ ይህ ሕዝብ በቅርቡም አይቶታል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቆየው የሰሜኑ ጦርነት ብዙ ወገኖቻችን ከአበርገሌና ከጻግብጂ ተፈናቅለው በሰቆጣና በዙሪያዋ ተጠልለው ኖረዋል። ያለውን እንጀራ ቆርሶ፣ ቤቱን ከፍሎ ያስጠጋ አባል በዚህ አዳራሽ ውስጥ እንዳለ አውቃለሁ። ያ ልማድ አልጠፋም። ነገር ግን ከጦርነት በኋላ ሰው የማያውቀውን ሰው ይፈራል። ማታ በር ሲንኳኳ የሚከፍተው ቀንሷል። ስለዚህ ለአንድ ሰው ቤት ብቻ ትተነው የነበረውን ነገር በጋራ የምንይዝበት ጊዜ ነው።

የሌሎች ገበሬዎች ልምድ

ከሩቅ አገር ልጀምርና ወደ ጎረቤታችን እመለሳለሁ። በፈረንሳይ አገር እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ "ፍራንስ ፓሲዮን" የተባለ አሠራር አለ። ወይን አምራቾችና ሌሎች ገበሬዎች የመኪና ቤት ያለው መንገደኛ በግቢያቸው አንድ ሌሊት በነፃ እንዲያድር ይፈቅዳሉ። እንግዳው በየዓመቱ የሚታተመውን መጽሐፍና መኪናው ላይ የሚለጥፈውን ምልክት ይገዛል፤ ገበሬው በመጽሐፉ ውስጥ አድራሻው ይወጣል። ሕጉ አጭር ነው። ቆይታው ከ24 ሰዓት አይበልጥም። መኪናው የራሱ መጸዳጃና ውሃ ያለው መሆን አለበት። እንግዳው ሲደርስ ለባለቤቱ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሲሄድም ተሰናብቶ ይሄዳል። ዕቃ የመግዛት ግዴታ የለበትም። ሆኖም ከገበሬው ጋር ተጨዋውቶ፣ ወይኑን ወይም አይቡን ቀምሶ ያደረ ሰው ባዶ እጁን የሚሄደው ስንት ጊዜ ነው? ገበሬው የሚያተርፈው ከዚህ ነው፤ ነጋዴ በመካከል ሳይገባ ምርቱን በችርቻሮ ዋጋ በደጁ ይሸጣል።

ጃፓኖች ደግሞ በሌላ መንገድ ሄዱ። እ.ኤ.አ. በ1993 "ሚቺ ኖ ኤኪ" የሚባሉ የመንገድ ጣቢያዎችን መመዝገብ ጀመሩ። ዛሬ ቁጥራቸው ከ1,200 በላይ ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ ሌት ተቀን ክፍት የሆነ ነፃ የመኪና ማቆሚያና መጸዳጃ፣ ስለ አካባቢው የሚነገርበት ክፍልና በአብዛኛው የአካባቢው ገበሬዎች ምርት የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ጣቢያዎቹ የተሠሩት ሾፌር እንዲያርፍባቸው ነው። አንዳንድ ባለ መኪና ቤቶች ለብዙ ቀናት መሰንበት ሲጀምሩ ግን ብዙ ጣቢያዎች ይህን የሚከለክል ማስታወቂያ ለመለጠፍ ተገደዋል። ማደሪያ ሲዘጋጅ የቆይታው ልክ ከመጀመሪያው መነገር እንዳለበት ይህ ያሳያል።

ወደ ጎረቤታችን ስንመለስ፣ በመቄት ደጋ ያሉ ገበሬዎች ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ "ተስፋ" በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ሥራ በገደሉ አፋፍ ላይ የሣር ክዳን ጎጆዎች ሠርተው እንግዳ ተቀብለዋል። መቋት ማርያም ከመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ነው። ጎብኚው ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ ይሄዳል፤ ጓዙ በአህያ ይጫናል። የሚያበስለውም፣ የሚመራውም፣ የሚጠብቀውም የአካባቢው ሰው ነው። ከገቢው የሠራተኛው ድርሻ ለሠራተኛው፣ የማኅበረሰቡ ድርሻ ለጋራ ሥራ ይውላል። ከዚህ የምንወስደው ትልቅ ቁም ነገር እንግዳ ተቀባዩ አንድ ባለሀብት ሳይሆን የተደራጀ ገበሬ መሆኑ ነው። መቄት ደጋ ነው፤ ዋግም ደጋ አለው። መቄት ያለው ገበሬ የቻለውን እኛ የማንችልበት ምክንያት የለም።

በእጃችን ያለው

አሁን ወደ ራሳችን ግቢ እንመልከት። መሠረታዊ ማኅበራት አጥር ያለው ግቢ፣ መጋዘን፣ ሚዛን፣ ደረሰኝና የሌሊት ጥበቃ አላቸው። ማዳበሪያ ጭኖ የመጣ መኪና ሲመሽበት ሾፌሩና ረዳቱ ግቢያችን ውስጥ ያድራሉ። እንግዲህ ማደሪያውን ሳናውቀው ጀምረነዋል ማለት ነው። የጎደለው ሥርዓት ነው። ሾፌሩ የት እንደሚጸዳዳ፣ ከየት እንደሚጠጣ፣ ጠዋት ከመሄዱ በፊት ምን ሊገዛ እንደሚችል ያሰበበት የለም። ግቢያችን ውስጥ አድሮ ማሩን ከተማ ደርሶ ከነጋዴ ይገዛል።

የምንሸጠውም ዕቃ አለን። የዋግ ማር ስሙ የታወቀ ነው። ከተከዜ ግድብ ሐይቅ ዓሣ ይወጣል። ፍየል፣ እንቁላል፣ ጤፍና ጥራጥሬ አለን። ነገር ግን መንገደኛ ፍየል ይዞ አይሄድም፤ ኩንታል ጤፍም አይጭንም። ማሩንም በጆንያ ታስሮ በተቀመጠ ቆርቆሮ ብናቀርብለት አይገዛም። በንጹሕ ጠርሙስ አንድ ኪሎና ግማሽ ኪሎ ተደርጎ፣ የማኅበሩ ስምና የቆረጣው ወር ተጽፎበት ቢቀርብ ግን ይገዛል። በሶ፣ ቆሎ፣ ሽሮና ድርቆሽም ለመንገድ የሚሆኑ ናቸው። "እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ" እንዲሉ፣ እንግዳው የሚመጣበት ሰዓት ስለማይታወቅ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነገር መኖር አለበት። ይህን ሥራ የሴቶችና የወጣቶች ማኅበራት ቢይዙት ገቢው በቀጥታ ጓዳ ይገባል።

ሊኖረን የሚገባ ሥርዓት

አንደኛ፣ ቦታው የታወቀ ይሁን። በማሳ፣ በግጦሽ፣ በአውድማ ወይም በቤተ ክርስቲያን ቅጽር ማንም መኪና አቁሞ እንዳያድር ይነገር። በተለይ መንገደኛ የማያውቀው አደጋ አለ። ደረቅ የወንዝ አሸዋ ለእንግዳ ዓይን ጥሩ ሜዳ ይመስላል። በላይኛው አገር ዝናብ ሲጥል ግን እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። ይህን የሚያውቀው የአካባቢው ሰው ነው፤ መንገር የእኛ ፋንታ ነው።

ሁለተኛ፣ ሰው ይጠየቅ። የአባቶቻችን "ከየት ነህ፣ ወዴት ነህ?" ዛሬም ያስፈልጋል። የግቢው ጥበቃ የእንግዳውን ስም፣ የመኪናውን ሰሌዳና የገባበትን ሰዓት በመዝገብ ይጻፍ፤ ቀበሌውም ይወቅ። ይህ እንግዳውንም እኛንም ይጠብቃል።

ሦስተኛ፣ ውሃ በልክ ይሁን። አንድ የመኪና ቤት ብዙውን ጊዜ 100 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል። ይህ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። በበጋው ወራት አንዲት እናት አንዷን ጀሪካን ለማምጣት ስንት ሰዓት እንደምትሄድ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ለመጠጥና ለምግብ የሚሆን ውሃ አይከለከል፤ የመኪናውን ማጠራቀሚያ መሙላት ግን ውሃው በሚበቃበት ቦታና ወቅት ብቻ፣ አባላት በሚከፍሉት ዋጋ ይሁን። መኪና ማጠብ ፈጽሞ አይፈቀድ።

አራተኛ፣ ቆሻሻ በቦታው ይጣል። በእነዚህ መኪናዎች መጸዳጃ ውስጥ ብዙ ጊዜ ኬሚካል ይጨመራል። ይህ ከምንጭ አጠገብ፣ በወንዝ ዳር ወይም ለኮምፖስት በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ ከተደፋ ጉዳት አለው። ግቢያችን ከውሃ የራቀ በደንብ የተቆፈረ መጸዳጃ ሊኖረው ይገባል። ከሌለው እንግዳው ከተማ እስኪደርስ ይዞት እንዲሄድ ይነገረው። ለእሳት ብሎም ዛፍ እንዳይቆርጥ።

አምስተኛ፣ ክፍያው ግልጽ ይሁን። የእኔ አስተያየት ለሌሊቱ ብለን ብዙ ገንዘብ ባንጠይቅ የሚል ነው። ለጥበቃው የሚሰጥ አነስተኛ ክፍያ በደረሰኝ ይቀበል፤ ዋናው ገቢያችን ግን ከምርት ሽያጭ ይሁን። ዋጋው በሰሌዳ ተጽፎ ለአገሬውም ለፈረንጁም አንድ ይሁን። ሁለት ዋጋ ያገኘ እንግዳ ማሩን ቢወደውም ሁለተኛ አይመለስም፤ ለሌላውም ይናገራል። ልጆች በመኪናው ዙሪያ እየተሰበሰቡ እንዳይለምኑ ወላጆችና መምህራን ይምከሯቸው። መስጠት የሚፈልግ እንግዳ ካለ ለትምህርት ቤቱ በደረሰኝ ይስጥ።

ሊነሡ የሚችሉ ጥያቄዎች

"ጎብኚ በሌለበት ማደሪያ ለማን ነው?" የሚል ጥያቄ እንደሚነሣ እጠብቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ በዚያ በኩል በመኪና መጓዝ ከባድ ሆኗል። በክልላችንም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የተከሰተው ግጭት ጎብኚን አርቋል። እኔም ነገ ፈረንጅ በመኪና ቤት ተሰልፎ ይመጣል አላልኩም። ያልኩት ከሾፌሩና ከገበያተኛው እንጀምር ነው። እነሱ ዛሬም አሉ። በነሐሴ አጋማሽ፣ ሻደይ ሲደርስ፣ ለእንግዳው ብዛት የሰቆጣ አልጋ አይበቃም። በታኅሣሥ ተሳላሚው በብርድ መንገድ ዳር ያድራል። ለእነዚህ የተዘጋጀ ግቢ ለጎብኚውም ይሆናል። ለጎብኚ ብቻ የተሠራ ቤት ግን ጎብኚው ሲጠፋ ባዶ ይቀራል።

ሌላው ጥያቄ "ማኅበር እህል ይገዛል እንጂ እንግዳ ያሳድራል ወይ?" የሚል ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚተዳደሩት በአዋጅ ቁጥር 985/2009 እና በየራሳቸው መተዳደሪያ ደንብ ነው። አባላት ይጠቅመናል ብለው በጠቅላላ ጉባኤ የሚወስኑት አገልግሎት በደንባቸው ውስጥ በግልጽ ሊገባ ይገባዋል። ሥራ አስኪያጅ ብቻውን የሚጀምረው፣ ሒሳቡም ለብቻ የማይያዝ ከሆነ ግን ጠብ ያመጣል። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ሰባት የኅብረት ሥራ መርሆዎች የመጨረሻው ለአካባቢ ማኅበረሰብ ማሰብ የሚለው ነው። መንገድ ላይ የመሸበትን ሰው ማሳደር ከዚህ ውጭ ነው የሚል ያለ አይመስለኝም።

ምን ይደረግ?

ለአባላት የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። በአንድ ጊዜ በየቦታው አንጀምር። ወደ ሰቆጣ በሚያስገቡ ዋና ዋና መንገዶች ላይ ካሉ ማኅበራት የሚፈቅዱ ሁለት ወይም ሦስት ይመረጡ። የሚያስፈልገው የተደለደለ መሬት፣ አንድ መጸዳጃ፣ መብራት፣ የመዝገብ ደብተርና የማር መደርደሪያ ነው። አዲስ ሕንፃ አያስፈልግም። አንድ ዓመት ሠርተው ስንት ሰው እንዳደረ፣ ምን እንደተሸጠ፣ ምን ችግር እንደገጠመ ለጉባኤ ያቅርቡ። ከጠቀመ ይስፋ፤ ካልጠቀመ ይቁም።

ለሥራ ኃላፊዎች የማቀርበው ሁለት ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው፣ የጸጥታ አካላት፣ ቀበሌውና ማኅበሩ የእንግዳ ምዝገባን በአንድ ዓይነት መንገድ እንዲያዩት የጽሑፍ መመሪያ ይሰጠን። ማታ በማኅበሩ ፈቃድ ያደረ ሾፌር እኩለ ሌሊት ላይ ተነሥ የሚባል ከሆነ ሥራው ከመጀመሩ ይሞታል። ሁለተኛው፣ ግቢያችን የሚገኝበትን ቦታ የሚጠቁም ሰሌዳ በአማርኛና በኽምጣኛ፣ ለውጭ እንግዳም በሚገባው ቋንቋ በመንገድ ዳር እንዲቆም ይፈቀድልን። ከሰቆጣ ቅርብ የሆነው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የዋግሹሞች አስከሬን በሣጥን ያረፈበት፣ ከአንድ ዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። አንድ ሌሊት በእኛ ዘንድ የሚያድርበት ቦታ ያለው ሰው ጠዋት ይህን አይቶ ይሄዳል፤ ማደሪያ ያጣ ሰው ግን ሳይመሽበት ለማለፍ ጋዙን ይረግጣል።

የተከበራችሁ ተሰብሳቢዎች፣

ቀደም ሲል የሲራራ ነጋዴ ሰፈር በየሜዳው ነበረ፤ ገበሬውም ከዚያ ይሸጥ ነበር። መኪና መጣና ሰፈሩ ጠፋ። መንገዱ ቀረበ፤ መንገደኛው ግን ከእኛ ራቀ፤ አቧራውን ብቻ ትቶልን ያልፋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንላለን። አንድ ገበሬ ብቻውን የማያውቀውን ሰው ለማሳደር ቢፈራ አይፈረድበትም። በማኅበር ሲሆን ግን ጥበቃ አለ፣ መዝገብ አለ፣ ደረሰኝ አለ። ጉባኤው በሚቀጥለው ስብሰባው ይህን ጉዳይ በአጀንዳ ይዞ እንዲወያይበትና ፈቃደኛ የሆኑ ማኅበራት ስማቸውን እንዲያስመዘግቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ።